ኮዲንግ ክፍል ውስጥ፦ ከፈጢራ ጀምረን ባጃጅ እስክንገለብጥ

ድሬ ውስጥ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ኮዲንግ ማስተማር ከጀመርኩ ጥቂት አመት ሆኖኛል፣ ታዲያ ሌሎች መምህራን ባገኙኝ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ "እንዴት ነው ምትጀምረው? ልጆቹ 60 ናቸው፣ ኮምፒውተሩ 12 ነው፣ ከ12ቱም ሚነሳው 9 ነው" ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። መልሴን ከወዲሁ ልንገራቹ፣ ኮምፒውተሩ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሶስት ሳምንታት ላብ (ኮምፒውተር ክፍል) እንዳትገቡ። ቁልፉ እጃቹ ላይ ቢሆንም።

እኔ የመጀመሪያው አመት ላይ በተቃራኒው ነበር የጀመርኩት። ሰሌዳ ላይ "አልጎሪዝም ማለት አንድን ችግር ለመፍታት በቅደም ተከተል የተቀመጠ መመሪያ ነው" ብዬ ጻፍኩ፣ አስገለበጥኩ፣ ፈተና ላይ አወጣሁት፣ ሁሉም ቃል በቃል መለሱልኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዛ ላብ ገባንና "በሉ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ድመት ወደ በሩ ውሰዷት" ስላቸው ዝም። አንዱ ልጅ "ቲቸር ምን ብለን እንጻፍ?" አለኝ። ትርጉሙን ሸመደደው እንጂ ነገሩን አንዴም ሰርቶት አያውቅማ!

ስለዚ አሁን በፈጢራ (እንቁላል ገብቶበት ተጣጥፎ ምጣድ ላይ ሚበስል ቂጣ) ነው ምጀምረው። ድሬም ሐረርም ፈጢራ ማያውቅ ልጅ የለም፣ ጠዋት ጠዋት ሲሰራ ቆመው እያዩ ነው ያደጉት። ልጆቹን በአምስት በአምስት ከፋፍሉና "እኔ ሮቦት ነኝ፣ ከጨረቃ ነው የመጣሁት፣ ፈጢራ አይቼ አላውቅም፣ እንዴት እንደምሰራ በወረቀት ጻፉልኝ" በሏቸው። 10 ደቂቃ ይበቃቸዋል። እሳት ምናምን አያስፈልግም፣ ለሊጡ አንድ ሻሽ፣ ለእንቁላሉ የተጨማደደ ወረቀት፣ ለምጣዱ የደብተር ልባስ፣ በቃ። ከዛ የጻፉትን እየተቀበላቹ ልክ እንደተጻፈው ማድረግ ነው።

እዚህ ጋ አደራ ምላቹ ነገር፣ የምር ደደብ ሁኑ። ልጁ "እንቁላሉን ጨምር" ብሎ ከጻፈ እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ሊጡ ላይ አስቀምጡት። ሰብረህ ጨምር አላለማ! "ሊጡን ዘርጋ" ካለ ዝርግት አርጋቹ መሬት እስኪደርስ ሳቡት፣ የት ላይ ማቆም እንዳለባቹ አልነገራቹም። "እጠፈው" ካለ አንዴ አጥፋቹ ቁሙ። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፣ ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነስተው "እንደሱ አይደለም ቲቸር! አራቱንም ጎን ነው ሚታጠፈው!" ይሏቹሃል፣ እናንተ ዝም ብላቹ ወረቀቱን እያሳያቹ "እሱ የት ተጽፏል?" በሉ። መምህር ሆናቹ ልጁ ሊል የፈለገው ስለገባቹ ለመርዳት እጃቹን ይበላቹሃል፣ እኔንም ይበላኛል፣ ግን የረዳቹት ቀን ትምህርቱ ሞተ ማለት ነው። ኮምፒውተር ምን ልትል እንደፈለክ አይገባውም፣ ያልከውን ብቻ ነው ሚሰማው፣ ይቺን ነገር ልጆቹ በናንተ ላይ ሲናደዱ ነው ሚማሯት።

ሁለተኛ ዙር አስተካክለው ሲመጡ "አራቱን ጎን በየተራ ወደ መሀል እጠፍ"፣ "ታችኛው ቡናማ እስኪሆን ጠብቅ፣ ከዛ ገልብጥ" ምናምን ብለው ይመጣሉ። እዛ ላይ ነው ቃላቱን ምሰጣቸው። የጻፋቹት አልጎሪዝም ይባላል፣ እንቁላሉ ከነቅርፊቱ የገባበት ቦታ በግ (በእንግሊዝኛው bug፣ ስህተት) ይባላል፣ አሁን ያረጋቹት ደግሞ ዲበግ ማድረግ ነው፣ "አራቱን ጎን በየተራ" ያላቹት ሉፕ (ድግግሞሽ) ነው፣ "እስኪሆን ድረስ" ያላቹት ኮንዲሽን ነው። ነገሩ ቀድሟቸው ስለመጣ ስሙን ለመያዝ አይቸገሩም። አንዴ እናቷ ፈጢራ ምትሸጥ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ነበረች፣ የሷ ግሩፕ ያሸንፋል ብዬ ስጠብቅ በጣም የተበላሸው የሷ ሆነ፣ ለምን ቢባል እጇ ስለሚያውቀው ግማሹን ስቴፕ መጻፍ ትዝ አላላትም። ይሄንን ለልጆቹ ነገርኳቸው፣ ብዙ ኮድ ሚበላሸው እንዲህ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሜዳ ውጡ። ጠዋት ይሁን፣ ከ4 ሰአት በኋላ የድሬ ፀሐይ ማንንም አታስተምርም። በጠመኔ ወይ በአመድ 6 በ6 የሆነ ካሬ አስምሩና ከዚራ ነው በሏቸው። ከዚራ ለዚህ የተፈጠረ ሰፈር ነው፣ ባቡሩ በ1895 ድሬ ሲደርስ በፕላን ስለተሰመረ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ መታጠፊያው አብዛኛው 90 ዲግሪ። አንዱን ጥግ ለገሀር (ባቡር ጣቢያው) አድርጉ፣ ሌላው ጥግ ላይ ትምህርት ቤቱን፣ መሀል ላይ ሁለት ሶስት ቦርሳ ጣሉና የተዘጋ መንገድ ነው በሉ። አንድ ልጅ ባጃጅ ይሆናል፣ ሌሎቹ በሶስት ትእዛዝ ብቻ ያደርሱታል፦ "ወደፊት 1"፣ "ቀኝ ዙር"፣ "ግራ ዙር"።

ሁሌ ሚሳሳቱት አንድ ቦታ ነው። "ቀኝ ዙር" ሲባል ልጁ ወደ ቀኝ አንድ ካሬ ይሄዳል። አይደለም፣ ባለህበት ቆመህ ፊትህን ብቻ ነው ምታዞረው፣ መሄድ ሌላ ትእዛዝ ነው። ይቺን እዚህ ካልፈታቹ ላብ ውስጥ አንድ ወር ታስለቅሳቹሃለች። ሌላው ችግር ፊቱን ወደ እነሱ ያዞረው ባጃጅ ቀኙ የነሱ ግራ መሆኑ ነው፣ መፍትሄው ትእዛዝ ሰጪው ከባጃጁ ኋላ ኋላ እንዲሄድ ማድረግ ነው፣ በቃ። ደህና ሲለምዱት "ደግመህ 3 ጊዜ" ሚል አራተኛ ካርድ ጨምሩላቸው፣ 14 ካርድ የነበረው መንገድ ወደ 8 ሲወርድ ፊታቸው ላይ ታዩታላቹ።

የድሬ ልጅ መቼም በአንድ ቋንቋ አያወራም አቦ። አንዴ አንዱ ግሩፕ "ሚርጋ፣ ቢታ" ብሎ በኦሮምኛ ጻፈ፣ ሌላው በሶማልኛ "ሚዲግ፣ ቢዲህ" አለ፣ እኔ መጀመሪያ ላከለክል ነበር፣ ኋላ ሳስበው ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የት ይገኛል? የአንዱን ግሩፕ ወረቀት ለሌላው ባጃጅ ሰጠሁት፣ ሶማልኛ ማይሰማው ባጃጅ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ፕሮግራሚንግ ላንጉጅ ማለት ይሄው ነው አልኳቸው፣ መንገዱ አንድ ነው፣ ባጃጁ ሚሰማው ቋንቋ ነው ሚለያየው። እና በግማሽ ሚርጋ በግማሽ ቀኝ ብላቹ ከጻፋቹ ማንም ባጃጅ አይሰማቹም።

ሶስተኛው ሳምንት ላይ ባይነሪ (ቁጥርን እንደ ኮምፒውተር በ0 እና በ1 ብቻ መጻፍ) በካርድ አጫውታቸዋለሁ። አምስት ልጅ ፊት ለፊት ይቆማል፣ ካርዳቸው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ነጥብ አለ፣ ካርዱን ያሳየ 1 ነው፣ የገለበጠ 0። የኛ ወር 30 ቀን በመሆኑ አምስት ልጅ የማንንም የልደት ቀን መጻፍ ይችላል፣ እስከ 31 ነዋ ሚደርሰው። ለመክፈቻ "ቁልቢ ገብርኤል ስንት ቀን ነው?" በሏቸው፣ ክፍሉ በሙሉ 19 ይላል፣ 16 እና 2 እና 1፣ ስለዚ 10011። ከዛ የየራሳቸውን ልደት ይሰራሉ። አንድ ፔሬድ በቂ ነው፣ ከዛ በላይ ይሰለቻቸዋል።

አሁን ወደ ላብ። ምጠቀመው ስክራች ሚባል ፕሮግራም ነው (ያቺ ድመት ያለችበት)፣ ኤምአይቲ ውስጥ ተሰርቶ በ2007 በፈረንጆች የወጣ ነው፣ ነጻ ነው፣ ከ8 እስከ 16 አመት ላሉ ልጆች ተብሎ የተሰራ፣ ኮዱን በጽሁፍ ሳይሆን ባለቀለም ብሎክ እያገጣጠሙ ነው ሚሰሩት። ከ2016 ጀምሮ በ5 ሚሊዮን ኮደርስ (በመንግስት የኦንላይን ስልጠና) ሰርተፍኬት የወሰዳቹ መምህራን አላቹ፣ ጥሩ ነው፣ ለራሳቹ ይጠቅማቹሃል፣ ግን እዛ ያለውን እንዳለ ለ5ኛ ክፍል አታውርዱት፣ አይሆንም።

ኢንተርኔት አያስፈልጋቹም። ኦፍላይኑን ሶፍትዌር አንዴ ቤታቹ ወይ ኔት ያለበት ቦታ አውርዳቹ በፍላሽ ይዛቹ ግቡና ሁሉም ላይ ጫኑት። ዊንዶውስ 10 እና ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ ኮምፒውተሮቻቹ ያረጁ ከሆኑ የድሮው 1.4 ቨርዥን ይሰራላቹሃል፣ ግን በአዲሱ የተሰራ ፋይል በድሮው አይከፈትም፣ ስለዚ ላቡ ሙሉ በሙሉ አንድ አይነት ይሁን። ፍላሹን ደግሞ በየኮምፒውተሩ ከማዞራቹ በፊት ስካን አርጉት፣ እኔ አንዴ በራሴ ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ ለ9 ኮምፒውተር አድዬ አውቃለሁ፣ አሁንም ያሙኛል። የስክራች ቋንቋ አማርኛ ማድረግ ይቻላል፣ ከላይ የመሬት ምስል ያለበትን (በአዲሱ ቨርዥን ሴቲንግስ ውስጥ ነው) ስትነኩ ይመጣል፣ ለትንንሾቹ አማርኛው ይሻላል፣ ለ7ኛ እና 8ኛ እኔ እንግሊዝኛውን ነው ምተወው፣ በአፋቸው ግን "ሙቭ"፣ "ሪፒት"፣ "ፎርኤቨር" እያሉ ከአማርኛ ጋ ያቀላቅሉታል፣ ተዋቸው።

መብራት ይሄዳል። ይሄ እርግጥ ነው። ኦፍላይኑ ስክራች በራሱ ሴቭ አያደርግላቹም፣ ስለዚ በየ10 ደቂቃው አጨበጭባለሁ፣ ሳጨበጭብ ሁሉም እጁን ካለበት አንስቶ ሴቭ ያደርጋል፣ የፋይሉ ስም ደግሞ ክፍልና የግሩፕ ቁጥር ነው፣ "የኔ ጨዋታ" ሚል 14 ፋይል አንድ ዴስክቶፕ ላይ አግኝቼ ስለማውቅ ነው። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር አትደራርቡ። ሙቀቱ ደግሞ ኮምፒውተሩንም ልጁንም እኩል ነው ሚገለው፣ ላብ ሚገባበትን ፔሬድ ጠዋት እንዲያረጉላቹ ፕሮግራም አውጪውን ለምኑት።

ልጁ ብዙ ኮምፒውተሩ ጥቂት ከሆነ ሶስት ሶስት አድርጋቹ አስቀምጡ፣ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ ረዳት፣ አንዱ ተሳፋሪ። ማውሱን ሚነካው ሹፌሩ ብቻ ነው፣ ረዳቱ "እዚጋ፣ እሱን ብሎክ ሳበው" እያለ ይመራል፣ ማውስ አይነካም፣ ተሳፋሪው ደግሞ ሚሆነውን ወረቀት ላይ ይጽፋል። በየ8 ደቂቃው ይቀያየራሉ፣ ስልኬ ላይ አላርም እሞላለሁ። ይሄ ካልሆነ ፈጣኑ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ወንድ ልጅ፣ ማውሱን ይዞ አመቱን ይጨርሳል፣ ሴቶቹ ከኋላ ቆመው ያያሉ። አንዴ እንዲህ ሆኖብኝ ያወኩት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ነው፣ አፍሬያለሁ። ክፍሉ 60 ከሆነ ደግሞ ግማሹ ላብ ሲሆን ግማሹ ክፍል ውስጥ የወረቀት ስራ ይስራ፣ ሌላ መምህር ለምናቹም ቢሆን።

የመጀመሪያው ፕሮጀክት ባጃጅ ይሁን። ስክራች ውስጥ ባጃጅ የለም፣ ራሳቸው ይሳሉት (ከጎን ሲታይ ጎማው ሁለት ነው ወይስ ሶስት በሚል ግማሽ ፔሬድ ተጨቃጭቀውብኛል)። አረንጓዴዋ ባንዲራ (ማስጀመሪያዋ) ስትነካ ባጃጁ ለዘላለም 10 10 እየተራመደ ይሂድ፣ ጠርዝ ሲነካ ይመለስ። አራት ብሎክ ናት። እና ሁሌም ምን እንደሚሆን ልንገራቹ፣ ባጃጁ ቀኝ ጠርዝ ደርሶ ሲመለስ ይገለበጣል፣ ጎማው ወደ ሰማይ ሆኖ ወደ ግራ ይነዳል። ላቡ ይጮሃል፣ "ቲቸር ባጃጁ ተገለበጠ!"

በዚህ ጊዜ እጃቹን ኪሳቹ ክተቱ። መልሱን ታውቁታላቹ፣ የአዟዟሩን አይነት ወደ ግራና ቀኝ ብቻ ሚቀይር አንድ ብሎክ ነው፣ ሰማያዊዎቹ ውስጥ አለ፣ አትንገሯቸው። አንዷ 6ኛ ክፍል ተማሪ ምን እንዳረገች ላሳያቹ። መጀመሪያ ስእሉን ገልብጣ ሳለችው፣ አሁን በመመለሻው ቀጥ አለ፣ በመሄጃው ተገለበጠ። ተበሳጨች። ከዛ ደብተሯን እንደ ባጃጅ በጎኑ አቁማ ጠረጴዛው ላይ ሄደች፣ ጠርዝ ጋ ስትደርስ 180 ዲግሪ አዞረችው፣ የደብተሩ አናት ወደ ታች ሆነ። "እኛ እንዲህ ስላልነው ነዋ፣ ዙር አልነው፣ ዞረ" አለች ለጓደኛዋ። ችግሩ ባጃጁ ሳይሆን "መዞር" ሚለው ቃል መሆኑን ያገኘችው እዛ ጋ ነው፣ ብሎኩን ፈልጋ ለማግኘት ከዛ በኋላ ሶስት ደቂቃ አልፈጀባትም። እኔ ብነግራት ኖሮ 5 ሰከንድ፣ ግን ምንም አይቀራትም ነበር።

ህግ አለን፣ ቲቸር ከመጠራቱ በፊት ኮዱን ከላይ እስከ ታች ድምጽ አውጥተህ ለተሳፋሪው አንብብለት። ግማሹ በግ ሲነበብ ይገኛል። ከኔ ልምድ ከግማሽም በላይ።

ሂሳብ ለምታስተምሩ፣ በብእር እየሳለ ሚሄድ ድመት አለላቹ (ብእሩ ከታች ግራ ጥግ ላይ ካለችው ቁልፍ ነው ሚጨመረው)። ካሬ ቀላል ነው፣ 4 ጊዜ 100 ሂድ፣ 90 ዙር። ከዛ "እኩል ጎን ሶስት ማእዘን ሳሉ" በሏቸውና ጠብቁ። ሁሉም 60 ነው ሚጽፉት፣ ምክንያቱም የሶስት ማእዘኑ ማእዘን 60 እንደሆነ አስተምረናቸዋል፣ ሚወጣው ግን ያልተዘጋ ግማሽ ሄክሳጎን ነው። ሜዳ አውጥታቹ በጠመኔ የተሳለ ሶስት ማእዘን ላይ አስኬዷቸው፣ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ምን ያህል እንደሚዞሩ እግራቸው ይነግራቸዋል፣ ሚዞሩት የውጪውን ነው፣ 120። ከዛ 360ን ለጎኑ ብዛት ማካፈልን ራሳቸው ያገኙታል።

እኔ ግን ከሁሉም ምወደው እንቆቅልሽ ነው። ድመቷ "እንቆቅልህ!" ትላለች፣ ልጁ "ምን አውቅልህ" ብሎ ይጽፋል፣ ጥያቄው ይመጣል፣ ከመለሰ ጎሽ፣ ካልመለሰ "ሀገር ስጠኝ!"። ኢፍ እና ኤልስ (ከሆነ፣ ካልሆነ) ከዚህ በላይ አማርኛ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እንቆቅልሹን ራሳቸው ይፍጠሩ፣ አንድ ግሩፕ "ጠዋት ስትመጣ እንወዳታለን፣ ቀትር ላይ እንሸሻታለን" ብሎ ሰራ፣ መልሱ ፀሐይ፣ መቼም ድሬ ነው። ጓደኛቸውን ጠሩት፣ ትክክል መለሰ፣ ድመቷ ግን "ሀገር ስጠኝ" አለችው። ጭቅጭቅ! ለካ እሱ የጻፈው "ጸሀይ" ነው፣ እነሱ ያስገቡት "ፀሐይ"። ለኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው። ስንት አይነት ሊጻፍ ይችላል ብለው ቆጠሩ፣ ፀ ሁለት፣ ሀ ሶስት፣ 6 ደረሱ፣ ሃን ሳይጨምሩ፣ ከዛ "ኦር" (ወይም) ሚለውን አረንጓዴ ብሎክ እየደራረቡ አስገቡት። የአማርኛ መምህራቸውን ጠርተው ትክክለኛው የቱ ነው ብለው ሌላ ጭቅጭቅ አስነሱ፣ እሱን ለናንተ ልተወው። ሀገር ሲሰጡ ደግሞ ስክራች "ሐረርሄጄ" እያለ አጣብቆ ይጽፍባቸዋል፣ ሁለት ቃል ሲያገናኝ ስፔስ አያስገባም፣ ራስህ ካልጨመርክለት። አማርኛ ሚጻፍበት ኪቦርድ ቀድማቹ ጫኑ፣ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር ሚያውቀው የፊደል አሰያየም) ይሁን፣ አለዚያ ፊደሉ ተበላሽቶ ነው ሚታየው።

ጊዜ ከተረፋቹ የጳጉሜን አሰሯቸው፣ አመተ ምህረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈው ጳጉሜ 6 ናት፣ ካልሆነ 5። 2015 ላይ 6 ነበረች፣ ቀጥሎ 2019። አጭር ናት፣ ለ8ኛ ክፍል አንድ ፔሬድ።

ማርክ አሰጣጥ ላይ፣ "አልጎሪዝም ምንድን ነው" ብላቹ አትጠይቁ፣ የኔን የመጀመሪያ አመት አትድገሙ። የተበላሸ ኮድ ወረቀት ላይ አትማቹ ስጧቸው፣ ለምሳሌ ካሬ ለመሳል ተብሎ 4 ጊዜ 100 ሂድ፣ 60 ዙር ሚል፣ ከ10 ነው። ስህተቱ የት እንዳለ ካገኘ 3፣ ባለበት ቢሰራ ምን እንደሚስል ካሳየ 5፣ ካስተካከለው 2። ኮዱን ቶሎ አስተካክሎ ግን ምን እንደሚሆን መሳል ያልቻለ ልጅ ከ10 5 ነው ሚያገኘው፣ ወላጅ መጥቶ "ልጄ እኮ ትክክለኛውን ጽፏል" ብሎ ቢከራከረኝም አልጨምርም።